ኪስ ያልገባው ሰንጢ

ቅናት ድምፅ አለው። እኔ በግድግዳ በኩል ስሰማው ኖሬያለሁ። ከሱቄ በስተቀኝ ያለው ሰንጢ ሠሪ ደስ ሲለው ሞረዱ ረጅምና ለስላሳ ይሄዳል፤ ሲቀና ግን አጭር አጭር ይሆንና ኮረት የሚያኝክ ሰው ያለ ይመስላል። ሰፈሩ ሁሉ «ሞረዱ» ይለዋል። የወጣለትን ስም ከሚስቱና ከግብር ሰብሳቢው በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም።

እኔ የቆዳ ማህደር ሰፊ ነኝ። እሱ ሰንጢውን ይሠራል፣ እኔ ሰንጢው የሚገባበትን እሰፋለሁ። በስተግራዬ ደግሞ ሌላ ሰንጢ ሠሪ አለ፤ የሞረዱ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። በግራ እጁ ስለሚሠራ «ግራኙ» እንለዋለን። እንግዲህ በሁለት አማቾች መሃል ተቀምጬ መርፌ የምወጋ ሴት ነኝ፤ ወሬ ከሁለቱም ወገን በነጻ ይደርሰኛል። ሥራቸውን ዓይኔን ጨፍኜ ልለየው ምንም አልቀረኝም። ሰንጢዎቻቸውን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የሞረዱ የሞረድ ጭረት ወደ ቀኝ ይጋደማል፣ የግራኙ ወደ ግራ። የቱንም ያህል ቢወለወል፣ ብርሃን ላይ ሲያዘነብሉት የሠራው እጅ ይታያል።

ሁለቱንም ያስተማሯቸው አንድ ሰው ናቸው፤ የግራኙ አባት፣ የሞረዱ አማት። ሽማግሌው አሁን የሉም። በነበሩ ጊዜም ቃል ከአፋቸው በመከራ ነበር የሚወጣው። ተሠርቶ የመጣላቸውን ሰንጢ ይቀበላሉ፣ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ጀርባውን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ያደርጋሉ፣ «ጥሩ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ጥሩ ነው ማለት ሂድና ሽጠው ማለት ነው። ከልባቸው የወደዱትን ግን ምንም ሳይሉ ኪሳቸው ይከቱታል። ይዘውት ይሰነብታሉ፤ ብርቱካን ይልጡበታል፣ ገመድ ይቆርጡበታል፣ ሲጠግቡት ይመልሱታል። በዚያ ሱቅ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አልነበረም። ግራኙ ገና ጢሙ ሳያቀመቅም አንድ ሰንጢው ኪስ ገብቶለታል። የሞረዱ አንድም ቀን አልገባም።

ሞረዱ ሰነፍ ሠሪ አይደለም፤ ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ስለቱ ይቆርጣል፣ እጀታው እጅ ይሞላል፣ ደንበኛው ረክቶ ይሄዳል። ግን ሰውየው የሚፈልገው ደንበኛ አልነበረም፤ የአንድ ሽማግሌ ኪስ ነበር። ሽማግሌው ያንን ኪስ ይዘውት ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሞረዱ ዓይኑን ያሳረፈው ልጃቸው ላይ ነው።

ደግሞ ግራኙ የሚጠላ ሰው ቢሆን በተሻለ ነበር። ትሑት ነው። ሲያመሰግኑት ጆሮው ይቀላል፣ እህቱን ያከብራል፣ አማቹን «ጋሼ» እያለ ወንበር ይለቅለታል። ትሑት ሰው ላይ መቅናት እንዴት እንደሚያደክም የቀና ያውቀዋል። ሞረዱ ሊጣላው ፈልጎ መነሻ ሲያጣ ከኔ ጋር ይጣላል።

«እትዬ፣ ስፌትሽ ዛሬ ጠማማ ነው።»

«ጠማማው ዓይንህ ነው፤ ወደዚያኛው ሱቅ ሲያይ ውሎ ጠመመ» እለዋለሁ።

ነገሩ የከረረው አዲሱ መቆለፊያ ሲመጣ ነው። ሰንጢ የሚያስፈራው ስለት ስላለው አይደለም፤ ሳይታሰብ ሲታጠፍ ነው። ሰው ጫን ብሎ ሲቆርጥ መቆለፊያው ካመለጠ፣ ስለቱ ተመልሶ የያዘውን ጣት ያገኛል። ለዚህ ሲባል እጀታው ውስጥ አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ ሞላ ይገፋታል፣ እሷ ስለቱን ከኋላ ትደግፋለች። ግን ሰንጢው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ምላሷ እየተበላች ትሄዳለች። መጀመሪያ ስለቱ መወዛወዝ ይጀምራል፣ አንድ ቀን ያመልጣል። ግራኙ ለዚህ መድኃኒት አገኘሁ አለ። ምላሷ በተበላች ቁጥር ይበልጥ ጠልቃ የምትገባበት፣ ባረጀ ቁጥር የሚጠብቅ መቆለፊያ።

ወሬው በአንድ ሳምንት መንገዱን ሁሉ አዳረሰ። ሥጋ ሻጩ መጣ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች መጡ፣ አትክልተኞች መጡ፤ ሰንጢ ይዞ የማያውቅ የባንክ ዘበኛ ሳይቀር መጣ። ግራኙ አንዱን ናሙና ሰጥቶ ያስከፍታቸዋል፣ ያስዘጋቸዋል፣ ጀርባውን እንጨት ላይ በኃይል እንዲመቱት ይፈቅድላቸዋል። ንቅንቅ አይልም። «ውስጡን አሳየን» ሲሉት ግን ጆሮው እየቀላ «ፓተንቱ እስኪወጣ ታገሡኝ» ይላል። መቆለፊያው የሱ ፈጠራ መሆኑ እንዲመዘገብለት ለፓተንት ቢሮ ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። ቢሮው ደግሞ እንደ ደንቡ ማስታወቂያ ለጥፏል፤ ይህን መቆለፊያ ከዚህ በፊት አውቀዋለሁ ወይም ሠርቼዋለሁ የሚል ካለ ቀርቦ ይቃወም። እስከዚያው ሰው በር በሩን እያየ ይጠብቃል። የማይሸጥ ዕቃ እንደዚያ ሲያማልል አይቼ አላውቅም።

ሞረዱ በዚያ ሰሞን ከሳ። ወደ ግራኙ የሚሄድ ሰው በኔና በእሱ ደጅ ማለፍ ስላለበት፣ የሚያልፈውን ሁሉ ቆሞ ይቆጣጠራል። አንድ አናጢ «አዲሱ መቆለፊያ ያለው እዚህ ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «እዚህ አሮጌው ብቻ ነው ያለው፤ እንደ እባብ ቆዳ እንኳ አልቀየረም» ብሎ መለሰለት። ሰውየው ሳቀና አለፈ። እሱ ግን ቀልዱ ራሱን አቃጠለው፤ ወዲያው በእጁ ያለው ሞረድ ክርር ክርር ማለት ጀመረ። ይባስ ብሎ የገዛ ሚስቱ፣ የሽማግሌው ልጅ፣ በወንድሟ ኮርታ ከጎረቤት ጎረቤት ታወራለች። እሷ ስትስቅ ክርር ክርሩ ይብሳል።

አንድ እሑድ ግራኙ ለምሳ እህቱ ቤት ሄደ። እኔም ተጠርቼ ነበር። ከምሳ በፊት ናሙናውን አውጥቶ ለእህቱ አሳያት። ከፈተው፤ መቆለፊያው ሲገባ ቀጭ የምትል፣ አጭርና ደረቅ የሆነች ድምፅ ተሰማች። «ጎበዝ፣ እጅህ ይባረክ» አለችውና ሽንኩርት ልትከትፍ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ከሽርጧ ኪስ የራሷን ሰንጢ አውጥታ ከፈተች።

ቀጭ።

ያችው ድምፅ ነበረች። ሞረዱ የያዘውን ብርጭቆ አፉ ሳያደርስ አስቀመጠው። እኔ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም፤ ግራኙም ዳቦ እየቆረሰ ነበር። ሞረዱ ግን ምሳውን ሳይበላ የወጥ ቤቱን በር ሲያይ ዋለ።

የዚያን ሰንጢ ታሪክ አውቀዋለሁ። ሞረዱ ገና ሙሽራ ሳለ፣ ማንም ሳያዘው፣ ከራሱ ጭንቅላት ያወጣውን መቆለፊያ ከትቶ የሠራው ነው። ለአማቱ ሰጣቸው። ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ጠቅ አደረጉት፣ «ጥሩ ነው» አሉና መለሱለት። ከዚያ በኋላ ያንን መቆለፊያ ዳግም አልሠራውም። አዲስ የተከራዩት ቤት ሲገቡ ሰንጢውን ለሚስቱ ወረወረላትና «ሽንኩርት ክተፊበት» አላት። እኔ ለሰንጢው ልኩን ወስጄ ጥሩ ማህደር ሰፍቼላት ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልተጠቀመችበትም፤ ሰንጢውን ከሽርጧ ኪስ አታወጣውም። እንደ ባለሙያ ተቀይሜያታለሁ።

በማግስቱ ሞረዱ ሱቄ ገባ። ዓይኑ ያበራል። እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው።

«ሰረቀኝ» አለኝ።

«ማን ምንህን?»

«ያ ጆሮ ቀይ! አዲስ የሚለው መቆለፊያ የኔ ነው። ሚስቴ ስንት ዘመን ሽንኩርት ስትከትፍበት ኖራለች። ድምፁን በጆሮዬ ሰማሁ፣ ስለቱን አወዛወዝኩት፤ አንድ ናቸው። አባቱ ያላዩልኝን ልጁ ሰርቆ ፓተንት ሊያወጣበት ነው።»

«ውስጡን ከፍተህ አየኸው?»

በዚህ ተቆጣ። ሽማግሌው አንድ ሕግ ነበራቸው። ስለቱንና እጀታውን የሚያያይዘው አንድ ሪቬት ነው፤ ጫፉ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይደፈጠጥና ምልክቱ እስኪጠፋ ይወለወላል። «ሪቬቱ የተመታ ሰንጢ አይከፈትም» ይሉ ነበር። ከተበላሸ ሌላ ይሠራል እንጂ የተዘጋ አይበረበርም። ግራኙ አባቱ ዞር ሲሉ ይከፍት ነበር፤ ሞረዱ ግን ሕጉን እንደ ሃይማኖት ያዘው።

«የገዛ ሥራዬን ለማወቅ መክፈት አለብኝ? እኔ ነኝ የሠራሁት!»

«እሺ፣ ያንተ ይሁን። ተቃውመህ ብታሸንፍ ምን ታገኛለህ? ፓተንቱን ላንተ ይሰጡሃል?»

«አይሰጡኝም። ጠይቄያለሁ። ድሮ የነበረ ነገር የማንም አይሆንም፤ የፈለገ ይሠራዋል።»

«ታዲያ ምን ተጠቀምክ?»

«ምንም» አለ ፈገግ ብሎ። «እሱም አይጠቀምማ።»

እንዲህ ሆድ ዕቃውን ገልብጦ ሲያሳየኝ መቆጣት አቃተኝ። «እኔን ከዚህ ነገር አውጣኝ» አልኩት። ሊያወጣኝ ነው? ማህደሩን የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ሰንጢው የቆየ መሆኑን እንድመሰክርለት ፈለገ። ውሸት ስላልሆነ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ።

ተቃውሞውን አስገባ፣ ለግራኙም ደረሰው። ግራኙ ናሙናውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ መደበኛ ሥራውን ቀጠለ። እያለፈ «ጋሼ፣ እንደምን አደርክ» ማለቱን ግን አልተወም። ሰላምታው ለሞረዱ ከስድብ ይብስበት ነበር።

ከዚያ እህትየዋ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ፣ አስቁሚልኝ።»

«እኔ ምን አቅም አለኝ?»

«የኔን ሰንጢ ከሽርጤ ኪስ አውጥቶ ወስዶታል። እሱን ነው የሚያቀርበው?»

«እሱን ነው።»

ወንበሬ ላይ ዘጭ አለች። ግራ እጇን በቀኝ እጇ ሸፍና መሬት መሬት ታያለች። «ሌላ ሰንጢ ያቅርብ፣ ያንን ብቻ ይተው» አለች። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ ብጎተጉታት፣ እንባዋን ጠርጋ ተነሥታ ሄደች። ወንድሟን ፈርታለት መሰለኝ። ከፊሉ እሱ ነበር፤ ዋናውን ግን ያወቅኩት በኋላ ነው።

የፓተንት ቢሮው ክፍል ጠባብ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የውሃ ጆግ፣ ሲዞር የሚያቃስት ማራገቢያ። መርማሪዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምፅዋ የረጋ ሴት ነች። በአንድ በኩል ግራኙ ብቻውን፣ በሌላ በኩል ሞረዱና እኔ ተቀመጥን። ፊት ለፊቷ የግራኙ የመቆለፊያ ሥዕል ተዘርግቷል።

«ነገሩ እንዳያደናግራችሁ አስቀድሜ ልንገራችሁ» አለች። «እኔ የምጠየቀው ማን ጎበዝ ነው የሚለውን አይደለም። ይህ መቆለፊያ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ሰው እጅ ገብቶ ሲሠራበት ከነበረ አዲስ አይባልም፤ ፓተንትም አይሰጠውም። የሠራው ማንም ይሁን። አመልካቹ ራሱ ሠርቶ ለሰው ሰጥቶት ቢሆን እንኳ ያው ነው። ገባን?»

«ገብቶናል» አለ ሞረዱ። ሰንጢውን ከማህደሬ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ያን ጊዜ ግራኙን አየሁት። የመጣው ሌላ ሰንጢ ጠብቆ ነበር መሰለኝ። የእህቱን የወጥ ቤት ሰንጢ ሲያይ ክው አለ። ሁልጊዜ የሚቀላው ጆሮው አመድ መሰለ። ሞረዱም አየው፤ ሌባ እጅ ከፍንጅ የያዘ ሰው ፈገግታ ፈገግ አለ።

መርማሪዋ እኔን ጠየቀችኝ። ማህደሩን የሰፋሁት እኔ መሆኔን፣ ሰንጢውም ያን ጊዜ የተሠራ መሆኑን ተናገርኩ። «ውስጡንስ ያውቁታል?» አለችኝ። «እኔ የማውቀው ከውጭ ነው» አልኳት።

«እንግዲህ ይከፈት» አለች።

ሞረዱ መዶሻውንና የሪቬት ማስወጫውን ይዞ መጥቶ ነበር። ትንሽ አመነታ። በዕድሜው የተዘጋ ሰንጢ ከፍቶ አያውቅም፤ ሽማግሌው ከበሩ ላይ ቆመው የሚያዩት ሳይመስለው አልቀረም። ከዚያ መታው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሪቬቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። የእጀታውን አንድ ጎን በአውራ ጣቱ አነሣና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው።

እጁ እዚያው ቀረ።

አጠገቡ ስለነበርኩ እኔም አየሁ። የእጀታው ውስጥ ግድግዳ የሱ ነው፤ ጭረቱ ወደ ቀኝ ተጋድሟል። መሃል ላይ የተቀመጠችው ምላስ ግን በሥዕሉ ላይ እንዳለችው ጫፏ ተዳፋት ነው፣ የሞረዱ ሁሌ እንደሚሠራው ቀጥ ያለ አይደለም። ጭረቷም ወደ ግራ ተኝቷል። የራሱ ምላስ የለችም። አንድ ሰው ይህን ሰንጢ ከፍቶ፣ የሱን ምላስ አውጥቶ፣ የራሱን አስገብቶ፣ ሪቬቱን መልሶ እንደነበረ ወልውሎታል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ በዚያ ክፍል ውስጥ ከሦስታችን ማናችንም መጠየቅ አላስፈለገንም።

ቅናት ያለበት ሰው ሲያስብ ቶሎ ነው። ሞረዱ በኋላ እንደነገረኝ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ትንፋሽ ታየው። «ይኸው፣ እሱ ራሱ ድሮ የሠራው ነው» ቢል ያሸንፋል፤ የግራኙ ፓተንት እዚያው ይቀበራል፤ መርማሪዋ ቅድም ተናግራዋለች። ግን ያን ለማለት፣ ግራኙ እዚያ ሰንጢ ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደገባ መናገር አለበት። ሰንጢዬ ተበላሽቶ ነበር፣ እሱ ጠገነው፣ ጥገናው ከሥራዬ በለጠ ብሎ በመንግሥት ቢሮ፣ በመርማሪ ፊት ማስጻፍ አለበት። «የኔ ሥራ ነው» እንዳይል ደግሞ ግራኙ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፤ ጭረቱን የሚያነብ ሰው ነው።

ግራኙ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል፤ ፍርድ የሚጠብቅ ይመስላል።

«አገኙት?» አለች መርማሪዋ መነጽሯን እያጠለቀች።

ሞረዱ እጀታውን ገጠመ። ስለቱን፣ ሪቬቱን፣ ሁሉንም በመዳፉ ሰብስቦ ኮት ኪሱ ከተተው።

«አንድ አይደለም» አለ።

«ልየው እስቲ።»

«ተቃውሞዬን አንስቻለሁ። ጊዜዎን አባከንኩ፣ ይቅርታ።»

መርማሪዋ እሱን አየች፣ ግራኙን አየች፣ ወደ እኔ ስትዞር ማህደሬን እያጠፍኩ ነበር። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንሥታ የተቃውሞውን መነሣት ጻፈች፣ እሱም ፈረመ።

ደረጃው ላይ ግራኙ ሮጦ ደረሰብን። ተንፈስ ተንፈስ ይላል። ስለ ፓተንቱ ይናገራል ስል፣

«ጋሼ፣ ኪስህ ከተትከው» አለ።

ሞረዱ አልገባውም። «ምኑን?»

«ሰንጢውን። ምንም ሳትል አይተህ ኪስህ ከተትከው። አባባ እንደሚያደርጉት።»

«የት ልክተተው ታዲያ፣ አፌ ውስጥ?» ብሎ ጮኸ ሞረዱ። «መደበቂያ አጥቼ ነው!»

ግራኙ ግን አልሰማውም። እዚያው ደረጃ ላይ ቆሞ ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል፣ ይስቃልም። በማግስቱ በመንገዱ ያለ ሰው ሁሉ ሞረዱ ምን ዓይነት ትልቅ ሰው እንደሆነ ከግራኙ አፍ ሰምቷል። ሥጋ ሻጩ ጨበጠው። ዘበኛው ቆቡን አነሣለት። ቸርነት ነው እንዳትሉኝ፤ እኔ ሰውየውን አውቀዋለሁ። የግራኙን ፓተንት ያተረፈው የሞረዱ ቅናት ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም። ሲያመሰግኑት ደግሞ ፊቱ ኮሶ የጠጣ ይመስል ነበር።

ቢሮው የሄድን ዕለት ቤቱ ሲገባ የሆነውን የነገረችኝ ሚስቱ ናት። በደነዘ ቢላዋ ሽንኩርት እየታገለች አገኛት። አልተቀመጠም። ከኪሱ ሰንጢውን ከነብልቱ አውጥቶ ፊቷ በተነው።

«መቼ ነው?» አላት።

«ልጃችን ጥርስ ስታበቅል።»

«ምን ሆኖ?»

ግራ እጇን ዘረጋች። በሌባ ጣቷ ላይ አንዲት ነጭ መስመር አለች። ያቺን ጠባሳ እሱ ሲያውቃት ኖሯል።

«የተሰበረ ጠርሙስ ቆረጠኝ ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬህ ነበር።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጣቷን ያዘና ጠባሳውን አየው። ከዚያ፣ የሱ ነገር መቼም አይለቀውም፣ «ከሰው ሁሉ ለሱ ወስደሽ ታሳዪብኛለሽ?» አላት። «ለኔ ብትነግሪኝ ሌላ አልሠራልሽም ነበር?»

«ትሠራልኝ ነበር። ያንን ግን ትጥለው ነበር» አለች። «ወንድሜን እንዳይነግርህ አስምዬ ነው ያሠራሁት። የሱን ሰንጢ ብፈልግ የሱን እጠይቀው አልነበር? እኔ ያንተ እንዲሠራልኝ ነው የፈለግኩት።»

«ለምን? አባትሽ እንኳ የመለሱትን!»

ሽንኩርቱን ገፋችው። ዓይኗ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ ነገር እያነባ ነበር።

«አባባ ኪሳቸው ያልከተቱትን እኔ ይኸው ስንት ዘመን ኪሴ ይዤው ስዞር አላየህም?» አለችው። «የሳቸው ልጅ አይደለሁም?»

ሰውየው ሽርጧን አየ፤ የኪሱ ጠርዝ በሰንጢው ልክ ረግቦ፣ ጨርቁ ሳስቶ ነበር አለችኝ።

ጠዋት በግድግዳው በኩል መዶሻውን ሰማሁት፤ ሪቬት እየመታ ነበር። ከዚያ የሞረድ ድምፅ ተከተለ፣ ረጅምና ለስላሳ። ምላሷን እንዳለች ነው የተዋት፣ የግራኙን። ሰንጢውን ይዞ በኔ ደጅ ሲያልፍ «ማህደር ልስጥህ?» አልኩት።

«አያስፈልጋትም» አለኝ።

ቅናቱ ግን የትም አልሄደም። ፓተንቱ የወጣ ዕለት ወረፋው እኔ ደጅ ድረስ ሲደርስ ሞረዱ መስኮቱን ዘጋ፤ ክርር ክርሩም እስከ ምሳ አላቆመም። አንዱ ተሰላፊ አንኳኩቶ «ይህ አዲስ መቆለፊያ እውነት ይሠራል?» ብሎ ጠየቀው።

«ይሠራል» አለ ሞረዱ ቀና ሳይል። «ሚስቴ ኪስ ውስጥ አለ።»